ፖለቲካ የምሁራን ብቻ ነውን?

ባለፈው ሰሞን ከእራት በኋላ በመኝታ ክፍላችን ውስጥ አንድ ክርክር ተነሥቶ ነበር። እንደ ወትሮው ስለ ሀገር ጉዳይ ነው የጀመርነው። ከጓደኞቻችን አንዱ፣ ንግግር የሚያውቅና መጽሐፍም በብዙ ያነበበ፣ «ያልተማረ ሰው ብሶት እንጂ ፖለቲካ የለውም፤ ብሶቱን ወደ ፖለቲካ የሚለውጥለት ምሁሩ ነው» ሲል ፍርዱን ሰጠ። ሌላው ቀበል አድርጎ «የባላገር ሴትማ ብሶቷም ከምጣዱ ዳር አያልፍም፤ ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» ብሎ ተረተ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እውነቱን ለመናገር እኔም አብሬ ስቄአለሁ። መብራት ጠፍቶ ሁሉም ከተኛ በኋላ ግን ሳቁ አልዋጥልኝ አለ። እኔን ዩኒቨርሲቲ ያደረሰኝ ገንዘብ ከየት እንደመጣ፣ ማን እንደቋጠረውና በማን ስም እንደተጻፈ አሰብሁ። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ለዚያ ሳቅ ካሣ እንዲሆን ነው።

ለክርክሬ ምስክር የማቀርበው ሰው ከሩቅ ሀገር ነው። አንባቢ «በአሜሪካን ሀገር ሴት ምን አገባን?» ይል ይሆናል። ታሪኩን አስቀድሜ ልናገርና ያገባን እንደሆነና እንዳልሆነ ኋላ እንመዝነዋለን።

አቢጌል ስኮት የተወለደችው እ.ኤ.አ. በ1834 ኢሊኖይ በሚባለው ግዛት፣ ከአንድ ገበሬ ቤት ነው። እናቷ ሌላ ሴት ልጅ በመውለዳቸው እጅግ አዝነው እንደነበር ለራሷ ለልጅቱ ነግረዋታል። እናትየዋ ልጃቸውን ጠልተው አልነበረም፤ የሴትን ኑሮ በራሳቸው ትከሻ ያውቁት ስለነበር ነው። ልጅቱ ገና በልጅነቷ ከአቅሟ በላይ የሆነ የእርሻ ሥራ ትሠራ ነበር። በትምህርት ቤት ያሳለፈችው ጊዜ ሁሉ ቢደመር አንድ ዓመት እንኳ አይሞላም። ወንድሞቼ ሆይ፣ ይህን ልብ በሉልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

እ.ኤ.አ. በ1852 አባቷ ንብረታቸውን ሸጠው፣ በሬ በሚጎትታቸው ሠረገላዎች ቤተሰባቸውን ጭነው፣ ከ3 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ኦሪገን ተነሡ። እናትየዋ ብዙ ወሊድ ያደከማቸው ሴት ነበሩና ጉዞውን አልፈለጉትም። ነገር ግን የወደዱትንና ያልወደዱትን የጠየቃቸው አልነበረም። በዚያ ዓመት መንገዱን ኮሌራ ይዞት ነበር። እናትየዋ በሰኔ ወር ዋዮሚንግ ዛሬ በሚባለው ሀገር ሞተው ከመንገድ ዳር ተቀበሩ። ጉዞው ሳያበቃ ትንሹ ወንድሟም ተከተላቸው። ሠረገላው ለኀዘን አይቆምም፤ ክረምቱ ተራራውን ሳይዘጋው መሻገር አለበት። የ17 ዓመቷ ልጅ የጉዞውን የዕለት ማስታወሻ እንድትይዝ በአባቷ ታዝዛ ነበርና የተጓዙትን ርቀት፣ የተገኘውን ሣርና ውኃ፣ በየመንገዱ ዳር የታየውን መቃብር ትጽፋለች። የእናቷንም ሞት የጻፈችው እሷው ናት። ስድስት ወር ያህል ተጉዘው ኦሪገን ደረሱ።

በማግስቱ ዓመት በ18 ዓመቷ ቤንጃሚን ዳኒዌይ የሚባል ገበሬ አገባች። ከዚህ በኋላ ወይዘሮ ዳኒዌይ ብዬ በክብር ልጥራቸው። ስድስት ልጆች ወለዱ፤ አንዲት ሴትና አምስት ወንዶች። ቅቤ ይንጣሉ፣ ልብስ ይሰፋሉ፣ ሳሙና ያበስላሉ፣ ለጎረቤትና ለመንገደኛ ወንዶች ሁሉ ምግብ ያቀርባሉ። በዚህ መካከል እ.ኤ.አ. በ1859 ስለዚያ ጉዞ አንድ ልብ ወለድ መጽሐፍ አሳተሙ። መጽሐፉ ብዙ ነቀፌታ ደረሰበት እንጂ ገንዘብ አላመጣም። እስከዚህ ድረስ ወይዘሮ ዳኒዌይ በዚያ ሸለቆ ከነበሩት የገበሬ ሚስቶች የሚለዩት በእልህ ካልሆነ በቀር በሌላ አልነበረም።

ነገሩ የተለወጠው በአንድ ፊርማ ነው። ባልየው ደግና ሰው አማኝ ስለነበሩ አንድ ወዳጃቸው ገንዘብ ሲበደር ዋስ ሆነው ፈረሙለት። ሚስትየዋ ነገሩ እንዳላማራቸው ፈራ ተባ እያሉ ቢጠይቁ፣ ለእርሳቸውም ለልጆቹም ባል እንደሚያስብላቸው ተነግሯቸው ዝም አሉ። ተበዳሪው መክፈል አልቻለም። ዕዳው ሲደርስ የሕግ ሰው መጥሪያውን ይዞ ወደ እርሻው መጣ። በዚያ ሰዓት ባልየው ቤት አልነበሩምና መጥሪያውን ለሚስትየዋ ሰጣቸው። እ.ኤ.አ. በ1862 እርሻው ሄደ። ወይዘሮ ዳኒዌይ በስተእርጅና የሕይወት ታሪካቸውን ሲጽፉ ከሁሉ ይልቅ ያንገበገባቸው ይህ እንደሆነ ተናግረዋል፤ ዕዳው ሲገባ ሕግ አላወቃቸውም፣ ዕዳው ሲጠየቅ ግን ሕግ እቤታቸው ድረስ ፈልጎ አገኛቸው።

ብዙ ሳይቆይ ባልየው በፈረስና በሠረገላ አደጋ ተጎድተው ከባድ ሥራ መሥራት የማይችሉ ሆኑ። ያን ጊዜ ልጆቹን የማብላቱ ኃላፊነት በሚስትየዋ ላይ ወደቀ። ያ አንድ ዓመት የማይሞላ ትምህርት ያላቸው ሴት አስተማሪ ሆኑ። ቀጥሎም አልባኒ በምትባል ትንሽ ከተማ የሴቶች ባርኔጣ የሚሸጥበት ሱቅ ከፈቱ።

እንግዲህ እኔ የክርክሬን መሠረት የማገኘው በዚያ ሱቅ ውስጥ ነው። እኛ ተማሪዎች የፖለቲካ ትምህርት የሚሰጠው በአዳራሽና በቤተ መጻሕፍት ይመስለናል። ወይዘሮ ዳኒዌይ የተማሩበት አዳራሽ ግን የባርኔጣ ሱቃቸው ነበር። ሴቶች መጥተው ባርኔጣ እየለኩ ኑሯቸውን ይናገራሉ። አንዲቱ ገበሬ ሴት ለልጆቿ የዝናብ ልብስ ልትገዛ ከቅቤ ሽያጭ ያጠራቀመችውን ገንዘብ ባሏ ወስዶ የውድድር ፈረስ ገዛበት። ሌላይቱ ባሏ ጥሏት ሄዶ ነበርና ተበድራ ዕቃ ገዝታ እንግዳ እያሳደረች ልጆቿን ማሳደግ ስትጀምር፣ ባል ተመልሶ መጣና ዕቃውን ለራሱ ዕዳ መክፈያ አደረገው። ይህ ሁሉ ሕጋዊ ነበር። ሚስት በላቧ ያገኘችው የባል ነበርና ዳኛ ዘንድ ብትሄድም የሚሰማት አልነበረም።

ወይዘሮ ዳኒዌይ ማታ እቤታቸው ገብተው ይህን በምሬት ሲያወሩ፣ ሴቶች ድምፅ የመስጠት መብት እስካላገኙ ድረስ ነገሩ ፈጽሞ እንደማይሻሻል የተናገሩት ባለቤታቸው ቤንጃሚን ነበሩ። ያ በዋስትና ፊርማ ቤታቸውን ያፈረሱ ሰው ማለት ነው። ይህን የምጽፈው ነገሩ የወንድና የሴት ጠብ የሚመስላቸው ጓደኞች ስላሉ ነው። ቤንጃሚን ክፉ ባል አልነበሩም። ክፉው ሕጉ ነበር። የደግ ሰው ሚስት በደግ ሰው ፊርማ ከቤቷ ከወጣች፣ ደግ ባል ማግኘት መድኃኒት አይሆንም ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1870 ከጥቂት ሴቶች ጋር በአልባኒ አንድ ትንሽ የእኩልነት ማኅበር አቋቋሙ። በ1871 ሱቃቸውን ዘግተው ወደ ፖርትላንድ ከተማ ሄዱና «አዲሱ ሰሜን ምዕራብ» የሚባል ሳምንታዊ ጋዜጣ ማውጣት ጀመሩ። ስለ ኅትመት ሥራ የሚያውቁት አልነበረም። ወንዶች ልጆቻቸው ፊደል ለቃሚዎችና አታሚዎች ሆኑ፤ እርሳቸው ጸሐፊ፣ አዘጋጅ፣ ገንዘብ ሰብሳቢና ተናጋሪ ሆኑ። ጋዜጣው እስከ 1887 ድረስ 16 ዓመት ያህል ኖረ። ይህችን መጽሔት በሌሊት ገጽ በገጽ እያባዙ የሚያወጡ ጓደኞቻችን፣ አንድ የገበሬ ሚስት ይህን ያህል ዘመን ጋዜጣ ማውጣቷ ምን ማለት እንደሆነ ከማንም ይልቅ ይረዱታል።

በዚያው በ1871 የታወቁት የሴቶች መብት ተሟጋች ሱዛን አንተኒ ወደ ምዕራብ በመጡ ጊዜ አብረው ከከተማ ከተማ እየዞሩ ንግግር አደረጉ። በ1872 የፕሬዚዳንት ምርጫ ቀን ደግሞ ወይዘሮ ዳኒዌይ ከሌሎች ሦስት ሴቶች ጋር ሆነው በፖርትላንድ ድምፅ ሊሰጡ ሄዱ። ከአራቱ አንዷ ሜሪ ቢቲ የሚባሉ ጥቁር ሴት ነበሩ። አስመራጮቹ ወረቀታቸውን አልመልስም አላሉም፤ ተቀብለው ከሣጥኑ ውስጥ በመክተት ፈንታ ከሣጥኑ ሥር አስቀመጡት። ሳይቆጠር ቀረ። ለእኔ ከዚህ የበለጠ ምሳሌ የለም። ድምፅ መከልከል ሁልጊዜ በዱላ አይደለም። አንዳንዴ በትሕትና ተቀብሎ ከሣጥኑ ሥር ማስቀመጥም ይበቃል።

ከዚያ በኋላ ያለው የብዙ ዘመን ድካም ነው። በጋሪ፣ በወንዝ ጀልባ፣ በፈረስ እየተጓዙ በየመንደሩ ተናገሩ። በ1879 ጃክሰንቪል በምትባል ከተማ እንቁላል ተወረወረባቸው፤ ምስላቸውም ተሠርቶ በአደባባይ ተቃጠለ። በከተማው ከሁሉ የገነነውን ጋዜጣ የሚያዘጋጀው ሰው ሃርቬይ ስኮት የገዛ ወንድማቸው ሲሆን የሴቶችን ድምፅ የሚቃወም ነበር። በ1886 አንዲት ሴት ልጃቸው በሳንባ ነቀርሳ ሞተችባቸው። በ1896 ባላቸው ሞቱ።

ፍሬው ግን ፈጽሞ አልጠፋም። በ1872 የኦሪገን ምክር ቤት ያገባች ሴት በስሟ ነግዳ ያገኘችው በባሏ ዕዳ እንዳይወሰድባት የሚያስችል ሕግ አወጣ፤ በ1878 ደግሞ የባለትዳር ሴቶችን የንብረት መብት አሰፋ። ጎረቤቱ የዋሽንግተን ግዛት በ1883 ለሴቶች የመምረጥ መብት ሰጠ፤ በ1887 ግን ፍርድ ቤት መልሶ ነጠቃቸው። አይዳሆ በ1896 ፈቀደ። የራሳቸው የኦሪገን ወንዶች ግን እምቢ አሉ። ጉዳዩ በ1884 ለሕዝብ ድምፅ ሲቀርብ 11,223 ደገፉ፣ 28,176 ተቃወሙ። በ1900 በ2 ሺህ በጥቂት በሚበልጥ ድምፅ ብቻ ተሸነፈ። በ1906፣ በ1908ና በ1910 ሦስት ጊዜ እንደገና ወደቀ። በመጨረሻ በ1912 በ61,265 ድጋፍና በ57,104 ተቃውሞ አለፈ። አገረ ገዥው አዋጁን በእጃቸው እንዲጽፉትና አብረው እንዲፈርሙበት ያደረጉት የ78 ዓመቷን ወይዘሮ ዳኒዌይን ነው። ሦስት ዓመት እንኳ ሳይሞላ በ1915 ሞቱ። የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ለሴቶች ይህን መብት ያረጋገጠው ከዚያ በኋላ በ1920 ነው።

እዚህ ላይ ታሪኩን ባቆም ለአንባቢ ደስ ይለው ነበር። እኛ ግን ጣዖት ፍለጋ አልተነሣንም። ስለዚህ ሁለት ነገር ልጨምር።

አንደኛው የመሬቱ ነገር ነው። አቢጌልን ወደ ኦሪገን የሳበው መሬት ባዶ መሬት አልነበረም። ኮንግረስ በ1850 ባወጣው ሕግ ለባልና ሚስት 640 ኤከር፣ ግማሹ በሚስት ስም ሆኖ፣ በነፃ ይሰጥ ነበር። በሚስት ስም መጻፉ በዚያ ዘመን ትልቅ ነገር ነው። ዳሩ ግን መሬቱ ሲታደል ባለቤቶቹ የካላፑያና የሌሎች ነባር ሕዝቦች ገና ተስማምተው አልለቀቁትም ነበር። ከዚያም ተሰብስበው ግራንድ ሮንድ ወደሚባል ክልል ተወሰዱ። ጥቁር ሰው በግዛቱ እንዳይኖር የሚከለክል አንቀጽ በ1857 በነጭ ወንዶች ድምፅ ጸድቆ እስከ 1926 ድረስ በሕገ መንግሥቱ ተጽፎ ቆይቷል። በ1912ም ቢሆን ለሁሉም ሴት በር አልተከፈተም፤ ብዙዎቹ ነባር ሕዝቦች ዜግነት ያገኙት በ1924 ሲሆን፣ ከቻይና የመጡት ዜግነት እንዳይጠይቁ እስከ 1943 ተከልክለው ነበር። የተበደለ ሰው ራሱ በሌላው በደል ላይ ቆሞ ሊሆን ይችላል። ይህን የማያስታውስ የመብት ንግግር ሁሉ እንከን አለበት።

ሁለተኛው የዘዴ ነገር ነው። ወይዘሮ ዳኒዌይ ግትር ነበሩ፤ ከብዙ ባልደረቦቻቸውም ተጣልተዋል። በ1910 ያቀረቡት ሐሳብ የመምረጥ መብት ግብር ለሚከፍሉ ሴቶች እንዲሰጥ የሚል ነበር። ባለ ሀብቶቹ ቀድመው ቢገቡ ለሌላው በር ይከፈታል የሚል ስሌት ነው። ውጤቱ ምን ሆነ? ከፍተኛ ሽንፈት ሆነ። ከሁለት ዓመት በኋላ ለሁሉም ተብሎ በተጠየቀ ጊዜ ግን አሸነፈ። በዚህኛው ዘመቻ ወይዘሮ ዳኒዌይ ታመው በአብዛኛው አልጋ ላይ ነበሩ፤ ሥራውን የሠሩት ብዙ ማኅበሮች ናቸው። ከእነሱም አንዱን የጥቁር ሴቶች ማኅበር ይመሩ የነበሩት ሃቲ ሬድመንድ ናቸው። ሃቲ ሬድመንድ በፌዴራል ፍርድ ቤት ሕንፃ በጽዳት ሠራተኛነት ለብዙ ዓመታት ያገለገሉ፣ በ1952 የሞቱ፣ ስማቸውም ለረጅም ዘመን ተረስቶ የቆየ ሴት ናቸው። ወለሉን የሚወለውሉበት ቤት የሚፈርድበትን ሕግ ለማሻሻል የታገሉትን ሴት ማንም ምሁር ብሶታቸውን ወደ ፖለቲካ አልለወጠላቸውም፤ ራሳቸው ለወጡት።

አሁን ወደ መኝታ ክፍላችን ክርክር እንመለስ።

ጓደኛችን ያልተማረ ሰው ፖለቲካ የለውም አለ። ፖለቲካ ማለት ግን ማን ይወስናል፣ በማን ስም ይጻፋል፣ ማን ይከፍላል ብሎ መጠየቅ ከሆነ፣ ይህን ጥያቄ ከባለ ቅቤዋ ሴት ይልቅ ማን ያውቀዋል? መማር የሚጨምረው ነገር የለም አላልሁም። መማር ጥያቄውን ከሌላው ሰው ጥያቄ ጋር ለማገናኘት፣ ሕጉን አንብቦ ቀዳዳውን ለማሳየት፣ ጽፎ ለማስተላለፍ ይጠቅማል። ወይዘሮ ዳኒዌይ ያደረጉት ይህንኑ ነው። ጥያቄውን ግን ከመጽሐፍ አላመጡትም። ከሱቃቸው መጋረጃ ጀርባ ያለቀሰችው ሴት ነች የሰጠቻቸው።

ታዲያ ይህ ለእኛ ይገባናልን? የእኛን ሀገር መዝገብ እንገልብጠው። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት የመምረጥን መብት ሴትን ሳይለይ ሰጠ፤ በዚያ መሠረት በተደረገው የመጀመሪያው ምርጫ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ የሕዝብ እንደራሴ ሆነው ገቡ። ይህ ክብራችን ነው። ነገር ግን ከዚያ ብዙ ሳይቆይ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ የበላይ አድርጎ ሚስት እንድትታዘዘው ደነገገ። ድምፅ ያላት ሴት በቤቷ ድምፅ አልነበራትም ማለት ነው። ይህ የተለወጠው በ1992 ዓ.ም. በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ነው። አርባ ዓመት!

ደግሞ የእኛኑ የተማሪዎቹን ታሪክ እንውሰድ። ከእኛ በፊት የነበሩት ተማሪዎች በየካቲት 1957 ዓ.ም. «መሬት ለአራሹ» ብለው አደባባይ ሲወጡ ሀገሩን አናወጡት። እንኮራባቸዋለን። ሆኖም ቃሉን ልብ ብላችሁ አይታችሁት ታውቃላችሁ? «ለአራሹ» ነው የሚለው። የምታርመው፣ የምታጭደው፣ ዘሩን የምታበጥረው፣ እህሉን ወደ ጎታ የምታገባውስ? በ1967 ዓ.ም. የወጣው የመሬት አዋጅ የጾታ ልዩነት እንዳይደረግ ጽፎ ነበር። አፈጻጸሙ ግን በአባወራ በኩል ስለሆነ የብዙ ሚስቶች ስም ከመዝገብ ሳይገባ ቀረ። የባልና የሚስት ስም አንድ ላይ በይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ላይ መጻፍ በአንዳንድ ክልሎች የተጀመረው ከ1990ዎቹ ዓ.ም. ወዲህ ነው። እነዚያ ተማሪዎች ክፉ ሆነው አልነበረም፤ የጠየቋቸው ሰዎች አባወራዎች ስለነበሩ ነው እንጂ። ወደ ምጣዱ ዳር ሄዶ የጠየቀ ቢኖር መፈክሩ አንድ ፊደል በጨመረ ነበር።

«ሕጉ አሁን ተሻሽሏል፤ ምን ቀረ?» የሚለኝ ይኖራል። ሕጉ ቢሻሻልም መጥሪያው ዛሬም ወደ ቤት ይመጣል። ለዘመድ ዋስ ሆኖ የፈረመ ባል፣ ያላነበበችው ሰነድ ላይ አሻራዋን ያስቀመጠች ሚስት፣ በየሰፈራችን አልጠፉም። ሕግ በአዲስ አበባ ሲታተምና ከአንዲት እናት ጆሮ ሲደርስ መካከሉ ረጅም መንገድ ነው፤ ያም መንገድ እንደ ሠረገላው መንገድ ብዙ ሰው የሚቀርበት ነው።

ስለ ራሳችንም ቤት ዝም ማለት አልችልም። በስብሰባዎቻችን እህቶቻችን እኩል መዋጮ ይከፍላሉ። ቃለ ጉባኤውን የሚይዙት አብዛኛውን ጊዜ እነሱ ናቸው። እጃቸውን ሲያወጡ ግን «ጥሩ ነው፤ ወደ ዋናው ጉዳይ እንመለስ» ይባላሉ። ወንድሞቼ፣ ይህ ወረቀቱን ተቀብሎ ከሣጥኑ ሥር ማስቀመጥ አይደለምን? «የሴቶች ጥያቄ ዋናው ጥያቄ ከተመለሰ በኋላ ይታያል» የሚለውንም ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ ራሴም ብዬዋለሁ። ባለ ቅቤዋ ሴት ግን ሁለት ጥያቄ የላትም። ገንዘቡ የተወሰደባት አንድ ጊዜ ነው፤ የምትጠይቀውም አንድ ጥያቄ ነው።

ንግግር ብቻ እንዳይሆን ሦስት ነገር አቀርባለሁ። አንደኛ፣ ይህች መጽሔት በየእትሟ አንድ ገጽ ለማይማሩ ሰዎች ቃል ትስጥ። ምግብ የሚያቀርቡልን፣ ክፍላችንን የሚያጸዱልን ሴቶች ከእኛ መኝታ ቤት ጥቂት እርምጃ ርቀው ይውላሉ፤ ብንጠይቃቸው የሚነግሩን አላቸው። ጽፈን እንመልስላቸው፤ የጻፍነውንም አንብበንላቸው ከተስማሙ ብቻ ይውጣ። ሁለተኛ፣ ለዕረፍት ወደየሀገራችን ስንሄድ እያንዳንዳችን የእናታችንን፣ የአክስታችንን፣ የጎረቤታችንን የመሬት ደብተርና የዕዳ ወረቀት እናንብብላቸው። ስማቸው አለ? ምን ላይ ነው የፈረሙት? ይህ ትንሽ ሥራ ይመስላል፤ ወይዘሮ ዳኒዌይ ግን በአንዲት ፊርማ ነው ከእርሻቸው የወጡት። ሦስተኛ፣ በማኅበራችን ስብሰባ እጇን ያወጣች እህት ንግግሯን ጨርሳ ሐሳቧ ተመዝግቦ ድምፅ እንዲሰጥበት ይወሰን። ቃለ ጉባኤውንም በተራ እንያዝ።

እኛ ችኩሎች ነን፤ በአንድ ሴሚስተር ዓለም እንዲለወጥ እንፈልጋለን። አንዲት የገበሬ ሚስት ከትንሿ ማኅበሯ እስከ አዋጁ 42 ዓመት ፈጀባት፤ አምስት ጊዜ ተሸንፋ ስድስተኛ ጊዜ ጠየቀች። ትዕግሥቷ የመጣው ከእውቀት ብዛት አልነበረም። ጥያቄው የራሷ ስለነበር ነው። የተዋሰውን ጥያቄ ሰው ሲደክመው ይጥለዋል፤ የራሱን ግን የት ይጥለዋል?

ለዚያ ማታ ለተረተው ጓደኛዬ የምመልስለት ይኸው ነው። ሴት ብታውቅ በወንድ ያለቀው እውቀቷ ስላነሰ አይደለም፤ በስሟ የሚጻፍበት መዝገብ ስላልነበረ ነው። መዝገቡን መክፈት የእኛም ሥራ ነው። ያን ማታ አብሬ የሳቅሁት ሰው በመጪው ዕረፍት እናቴን «እስቲ የመሬቱን ደብተር አሳዪኝ» እላታለሁ። እናንተስ?